የጉያቱ ቀኝ እግር በቀትር

የጉያቱን እግር የፈጨው ጎማ የት እንደነበር ልንገራችሁ?

እግሬ ላይ!

ጫማ ሆኖ... እግሬ ላይ።

አልቻልኩም፣ መጀመሪያ ይሄን ማውጣት ነበረብኝ! የአማርኛ አስተማሪያችን ዋናውን ነገር ለመጨረሻ አቆዩ ይላሉ። እሳቸው እኔ ያየሁትን አላዩማ!

ደግሞ እውነት ነው። ወላሂ እውነት ነው። ማንም አልነገረኝም፣ ከየትም አልቀዳሁትም። እዚሁ ነገሌ፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ በዚሁ በያዝነው የሰባ ዘጠኝ የካቲት፣ ስድስት ሰዓት ላይ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ሌሊት ቢሆን እኮ እኔም ቅዠት ነው ብዬ እተወው ነበር። ቀትር ነው የምላችሁ! ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ፣ የራሳችሁ ጥላ እንኳን እግራችሁ ሥር ገብቶ ተደብቆ...

እኔ ረሒማ ነኝ፣ ግድግዳ ጋዜጣው ላይ ቀልድ የምጽፈዋ። ይሄን ግን እንደማይለጥፉት አውቃለሁ። ስለዚህ እጅ በእጅ አንብቡት። ለወንዶቹ አታሳዩ። እሺ?

እሺ።

ጉያቱ ማለት ጓደኛዬ ናት። ትምህርት ቤት ስለማትገባ አንዳንዶቻችሁ አታውቋትም። ጠዋት ጠዋት ከሊበን በእግሯ መጥታ ወተት የምታስረክበን ልጅ። ነጭ አቡጀዲ ለብሳ፣ የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮውን፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ገና ከሩቅ እየሳቀች።

"አካም ጅርታ፣ ረሒ! ዛሬም እንደ ግመል ነው የምትሄጂው?"

"ነጋ! አንቺ ደግሞ እንደ ግመሉ ባለቤት!"

እንዲህ ነን። አማርኛ ከእኔ ተማረች፣ ስድብ እኔ ከሷ ተማርኩ።

አንድ ቀን ወተቷን ሸጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በዶሎ መውጫ፣ የጭነት መኪና ከፊት ለፊቷ መጣባት።

አልቆመም።

"አቧራ ብቻ ነው ያየሁት" አለች በኋላ። "አቧራው ውስጥ ደግሞ ትልቅ ጥቁር ነገር። ከዚያ ሰማይ።"

ቀኝ እግሯን ሆስፒታል ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። እናቷ እትዬ አሸቱ የተቆረጠውን እግር በጨርቅ ጠቅልላ ወስዳ፣ እዚያው ልጇ የወደቀችበት ቦታ፣ የግራሩ ሥር ቀበረችው። ምነው እዚያ ሲሏት "የራሱን መንገድ ያውቀዋል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋበታል" አለች።

ያኔ እኔ አለቀስኩ እንጂ ምንም አላሰብኩም።

አሁን ግን...

ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ስለ አቡጀዲው።

ጉያቱ ስትወድቅ ጮጮው ውስጥ የቀረው ወተት ልብሷ ላይ ፈሰሰ። ጎማው የአቡጀዲዋን ጫፍ ረግጦት አለፈ። ወተትና አቧራ ጭቃ ሆኖ ጎማው ልክ እንደ ማኅተም ታተመበት። እትዬ አሸቱ አላጠበችውም። አጥፋ አስቀመጠችው።

እዛ ጨርቅ ላይ ደግሞ የጎማ ጥርስ ብቻ አይደለም ያለው። ጠባሳም አለ። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ ኖሮ፣ ቅዳዱ እንደ ሹካ ሦስት ጣት አውጥቶ ታትሟል። መካከለኛው ጣት ወደ ግራ የተጣመመ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ያንን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ናቸው፤ የጉያቱን ጉዳይ "ለልጄ ነው" ብለው የያዙላት።

"ስሚኝ ልጄ" አሏት። "መኪና ገጨኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። የትኛው መኪና? የማን? ይሄ ጠባሳ ያለበት ጎማ ከተገኘ ባለመኪናው ይጠየቃል። አዲስ አበባ ወስዶ ሰው ሠራሽ እግር ያስገጥምሻል፣ እስክትድኚም ይጦርሻል።"

"ካልተገኘስ?" አልኳቸው እኔ።

"ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋል።"

ጉያቱ ዞራ እኔን አየችኝ። "ረሒ፣ እግር ይሠራል ማለት ነው? ሊበን የሚደርስ?"

"የሚደርስ! እንዲያውም የሚጨፍር!" አልኳት።

ያን ቀን በጣም ሳቅን። ስለዚህ ነገሩ ይሄ ነው። ጎማው ከተገኘ ጉያቱ ትሄዳለች። ካልተገኘ እድሜ ልኳን ሰው እያዘላት ትኖራለች።

ከዚያ... ረዲ።

ወይኔ ረዲ!

ረዲ የእማ ታናሽ ወንድም ነው። አጎቴ ነው ግን አጎት አይመስልም፤ ሲስቅ ወርቅ ጥርሱ ይታያል። የአባባን የጭነት መኪና፣ ኤንትሬውን፣ የሚነዳው እሱ ነው፣ ከነገሌ ዶሎ ኦዶ፣ ከዶሎ ኦዶ ነገሌ። ሲመጣ ከሩቅ ክላክስ በዜማ ይነፋል። ሰፈሩ በሙሉ "የረሒማ አጎት መጣ" ይላል። ሽቶ ያመጣልኛል፣ የፀጉር ማስያዣ ያመጣልኛል። እኔ ከአባቴም ከእናቴም እሱን ነበር የምወደው። አልዋሽም።

ጉያቱ ስትገጭ እሱ ዶሎ ነበር። በማግስቱ ነው የገባሁት አለ። እማም "አዎ፣ በማግስቱ ነው የገባው" አለች።

ሲሰማ እንዴት እንዳለቀሰ ብታዩ! ሆስፒታል ሮጦ ሄደ። ፍርድ ቤት ስትጠራ በጀርባው አዝሎ ወሰዳት። ዳኛው "አንተ ምኗ ነህ?" ሲሉት፣

"ወንድሟ ነኝ" አለ።

ሴቶቹ ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ በኩራት ልሞት!

ትራፊኩ የከተማውን መኪና ሁሉ ሲፈትሽ የእኛንም ፈተሸ። ጎማዎቹ ጠባሳ የላቸውም። ረዲ ራሱ ከትራፊኩ ጋር ሆኖ፣ በየመኪናው ሥር እየተንበረከከ ሲፈልግ ነበር። እኔም አብሬያቸው። ጉልበቴ እስኪላጥ!

ፍተሻው ገና ሳያልቅ አንድ ቀን ጫማ ይዞ መጣ። ለእማ፣ ለአባባ፣ ለእኔ።

በረባሶ!

"ረዲ፣ ምን ነካህ? ከብት ላግድ ነው?"

"አንቺ ሞልቃቃ! ማሰሪያውን እይው እስቲ።"

አየሁት። ማሰሪያው ቀይ ላስቲክ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ጨሌ አስደርድሮበታል። ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ያምር ነበር!

"ዶሎ ድረስ ብትሄጂበት አያልቅም" አለኝ። "ታዲያ ሁልጊዜ አድርጊው። ጉያቱ ጋ ስትሄጂም።"

አደረግኩት። እናንተም እንደ መኪና ትርፍ ጎማ "ረሒማ ስኮርታ" ብላችሁ ስም አወጣችሁልኝ። ትዝ አላችሁ? ይሄው ነው ጫማው።

አሁን ነገሩ ይጀምራል።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ክላክሱን ነው። ረዲ ክላክስ መንፋት ተወ። ዝም ብሎ ይገባል... ዝም ብሎ ይወጣል።

ከዚያ ጫማው።

ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረባሶዬን አውልቄ አልጋዬ ሥር አስቀምጣለሁ። በልቼ ትንሽ ጋደም እላለሁ። ቀትር ላይ ነገሌ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፣ ዝንብ እንኳን ይተኛል።

ስነሳ ግራው አለ።

ቀኙ የለም።

ግቢ በር ላይ አገኘሁት። አፍንጫውን ወደ መንገዱ አድርጎ ቆሟል።

ውሻ ነው አልኩ። ውሻ ግን የለንም።

በሌላው ቀን ደግሞ ጓዳ በር ላይ። አፍንጫው ወደ ውስጥ።

"እማ፣ ጫማዬን ማን ነው የሚወስደው?"

እማ ቀና አላለችም። "ከእግርሽ አታውልቂው" አለች።

እና ነጠላዋን አጣፋች። ይሄው ብቻ።

ጉያቱ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ የአክስቷ ቤት ነው የምትተኛው፣ ከእኛ ጀርባ። ከሰዓት ሁሌ እሷ ጋ ነኝ። አንድ ቀን ስገባ ፊቷ በላብ ተነክሯል።

"ረሒ... ሚላ ኮ..."

"እግርሽ ምን ሆነ?"

"አቃጠለኝ። አሸዋ ላይ ይሄዳል።"

ግራ እግሯን ነካሁ። ቀዝቃዛ ነው።

"እሱ አይደለም" አለችኝ በሹክሹክታ። "የሌለው።"

ነርሷ ነግራናለች፣ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንዲህ ይሰማዋል፣ ያሳክከዋል፣ ያመዋል ብላ። ስለዚህ አልፈራሁም። እንዲያውም ቀለድኩ።

"የት ይሄዳል? ገበያ? የሎሚ ከረሜላ ግዢልኝ በይው!"

አልሳቀችም።

"ቀትር ላይ ይነሳል። ከግራሩ ሥር። መንገዱን ይዞ... ቀስ እያለ... በሩን ያልፋል። ከዚያ ሲሚንቶ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ደረጃ አለው።"

የእኛ ቤት መግቢያ ሲሚንቶ ነው። ደረጃ አለው። የሰፈሩ ቤት ግን ግማሹ እንደዛ ነው አልኩ ለራሴ።

"ከዚያ ጫማ ያገኛል" አለች። "ያደርገዋል። ልኩ ነው።"

...

"ረሒ?"

"ወዬ።"

"አንቺ ስትገቢ ለምን ይሆን የሚያመኝ?"

በማግስቱ አባባ ጓዳ ውስጥ የሩዝ ማዳበሪያ ሲያነሳ ተቀደደበት። ሩዙ መሬቱን ሁሉ አለበሰው። አባባ ተሳደበ፣ እማ ከሰዓት እጠርገዋለሁ አለች። ከእኛ በቀር ማንም አላየም።

ከሰዓት ጉያቱ ጋ ሄድኩ። ገና በሩን ሳልፍ፣

"ዛሬ ደግሞ ምን እንደረገጥኩ አላወቅኩም" አለችኝ። "ትንንሽ ነው። ብዙ። ከእግሬ ሥር ይንከባለላል... ሊጥለኝ ነበር።"



"እህል ነው?" አልኳት።

"እንጃ። ጥሬ ነገር። ነጭ ይመስለኛል።"

እንዴት ነው እግር ነጭ መሆኑን የሚያውቀው?

ሮጬ ቤት ገባሁ። ሩዙ ላይ ዱካ አለ።

የቀኝ እግር።

ብቻ።

በረባሶዬን ገልብጬ አየሁ። ጥርሶቹ መካከል ሁሉ ሩዝ ተሰክቷል፣ ከሩዙ ሌላ ያስተዋልኩት የለም።

ትላንት ነው እንግዲህ ዋናው! ትላንት ምሳ አልበላም አልኩ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ። ግቢውን በራሴ እጅ ጠረግኩ። አሸዋው ልክ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ሆነ። አባባ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄደ። እማ ተኛች፣ ወይም የተኛች መሰለኝ። ረዲ መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይገባል ተብሏል።

በረባሶዬን አልጋ ሥር አደረግኩ። እኔ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ወደ ግቢው ዞሬ። የሚገባ ካለ በእኔ ነው የሚያልፈው።

ማንም አልገባም።

ማንም!

ግን ከኋላዬ ሰማሁት።

ጠፍ...

...

ጠፍ...

...

በመሃሉ ጸጥታ አለ። የሌላው እግር ተራ የሚሆንበት ጸጥታ። ስትዘሉ እንደዛ አይሰማም፣ ስትዘሉ ቶሎ ቶሎ ነው። ይሄ ግን ይራመዳል። ግራውን የሆነ ቦታ ላይ እያሳረፈ፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል።

አልዞርኩም። አንገቴ እምቢ አለኝ።

አጠገቤ ደረሰ። የትከሻዬን ጎን ነፋስ ነካኝ፣ የሞቀ፣ የወተት ሽታ ያለው።

አለፈ።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍት አሸዋው ላይ ዱካ አለ። ቀኝ... ባዶ... ቀኝ... ባዶ... ቀኝ። ወደ ጓሮ ይሄዳል።

ሰው የራሱን ዱካ ዞሮ አያይም አይደል? እኔም የበረባሶዬን ዱካ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከፊት ለፊቴ ነው ያለው። ጎንበስ አልኩ።

ተረከዙ ላይ ጠባሳ አለ።

ሹካ ይመስላል። ሦስት ጣት።

መካከለኛው ወደ ግራ የተጣመመ።

አልጮኽኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም ብዬ ተከተልኩት። ጓሮ፣ ረዲ መኪናውን የሚያቆምበት ጋ፣ ባዶ በርሜሎች አሉ። በረባሶዬ አንዱ በርሜል ጥግ ቆሟል። አፍንጫው በርሜሉን ነክቷል።

በርሜሉን ገፋሁት።

ከሥሩ የጎማ ትራፊ አለ። መሬት የሚረግጠው ፊቱ ተልጦ ተወስዷል፣ በጫማ ልክ እየተቆረጠ። ጎኑ ብቻ ነው የቀረው፣ እንደ ተበላ ሐብሐብ ልጣጭ። ጠርዙ ላይ የቅዳዱ መነሻ አለ። በረባሶዬን ገልብጬ አስጠጋሁት።

ገጠመ።

ልክ ገጠመ!

"አየሽው?"

እማ ናት። ከኋላዬ ቆማለች። የራሷን በረባሶ አድርጋለች።

"እማ..."

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ጉያቱን... ረዲ ነው?"

"ከዶሎ እየገባ ነበር። እንቅልፍ ይዞት ነበር። አላያትም።"

"በማግስቱ ነው የገባው አላልሽም?"

እንደገና ነጠላዋን አጣፋች።

"እማ፣ ጉያቱ እኮ ናት!"

"ማን እንደሆነች አውቃለሁ!" አለች። "መኪናዋ ከተያዘች የአባትሽ ሱቅም አብሮ ይሄዳል። ወንድሜ ይታሰራል። አንቺም ትምህርትሽን ትተሽ አገር ቤት ነው የምትገቢው። ምን ላድርግ በይኝ?"

"አባባስ ያውቃል?"

የቤቱ ደረጃ ላይ የአባባ አዲስ በረባሶ አለ፣ ወደ እሱ አየች። እኔም አየሁት።

ሁላችንም አድርገነዋል። ቤተሰቡ በሙሉ!

"ለምን ለእኔ?" አልኳት። "ለምን እኔ እግር ላይ?"

እማ ፊቷን አዞረች።

"ያንቺን እግር ማንም አይፈትሽም ብሎ ነው" አለች በጣም ቀስ ብላ። "ጓደኛዋ ነሽ።"

...

እስቲ ይሄን አስቡት። እኔ ያንን ጎማ ተጫምቼ አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ፣ ረዲ እዚያው ግድግዳው ጋ ተደግፎ፣ ወርቅ ጥርሱን እያሳየ በቀልዴ ይስቅ ነበር! ትራፊኩ በየመኪናው ሥር ሲፈልግ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። በጎማው ላይ! ጉያቱን አዝሎ ሲወስዳት እንኳን እሷን አይደለም ያዘለው፣ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሊሰማ ነው የሄደው።

እኔ ደግሞ እንዴት ደግ ነው ብዬ ለእናንተ ሁሉ ሳወራ...

ያን ሰዓት ሌላ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ባዶ እግሬን ጉያቱ ጋ ሄድኩ። አንድም ቃል ሳልናገር ገና በሩ ላይ ቆሜ፣

"ዛሬ ቆመ" አለችኝ።

"ምኑ?"

"እግሬ። ዛሬ አልተመለሰም። የሚፈልገው ቦታ ደርሶ ቆመ።"

"የት?"

ትራሷ ላይ ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አይደል ረሒ?"

ደግማ አልጠየቀችኝም። እጄን ያዘችና እስኪመሽ ድረስ አልለቀቀችውም።

ዛሬ ረዲ ገባ።

ክላክስ የለም። ቀትር ላይ ነው የገባው። እማ መኪናው ድረስ ሄዳ የሆነ ነገር በመስኮቱ አንሾካሾከችለት። ወረደ። እኔ ጓሮው ውስጥ ነኝ፣ ሁለቱንም በረባሶ ደረቴ ላይ አቅፌ።

ፈገግ አለ። ያንኑ ፈገግታ! በዚያ ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ልማድ ነው መሰለኝ። ከዚያ አስጠላኝ።

"ረሒዬ" አለኝ በሹክሹክታ። "ስጪኝ።"

"ምን ልታደርገው?"

"ላቃጥለው። የእናትሽንም የአባትሽንም አቃጥላለሁ። ከዚያ አለቀ።"

"ጉያቱስ?"

"እኔ እጦራታለሁ። ወላሂ እጦራታለሁ። ክራንች እገዛላታለሁ።"

"ወንድሟ ነኝ አላልክም?"

"ረሒ... እባክሽ። ትንሽ ነበርሽ፣ ትከሻዬ ላይ ነው ያሳደግኩሽ።"

"አቁም።"

"ስጪኝ አልኩ!"

እጁን ዘረጋ። አንድ እርምጃ መጣ።

ከዚያ ቆመ።

ዓይኑ ከእኔ ላይ ወረደ። ፊቴን ትቶ፣ ደረቴን ትቶ፣ ወረደ... ከአጠገቤ፣ በግራዬ በኩል፣ መሬት ላይ። ከጉልበት በታች የሆነ ነገር ነው የሚያየው። ሰው የሰውን ፊት እንደሚያይ አድርጎ፣ እዚያ ታች፣ ባዶ ቦታ ያያል።

እኔም አየሁ። አሸዋ ነው። ምንም የለም።

ረዲ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተጠጋ። ወተት የተሸከመች ሴት በቀጭን መንገድ ስትመጣባችሁ ገለል ብላችሁ እንደምታሳልፏት፣ ልክ እንደዛ።

"አካም ጅርታ..." አለ።

ለማን ነው? ለማን?!

ከዚያ አዳመጠ። ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ በደንብ አዳመጠ። የሆነ ነገር ተመለሰለት፣ ምክንያቱም ፊቱ አመድ መሰለ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንደገና ነቀነቀ። እሺ እንደሚል ሰው።

ዞሮ ወደ መኪናው ሮጠ። ገባ። በሩን ዘጋ።

አልሄደም ግን። ሞተሩን አላስነሳም።

አሁን ይሄን ስጽፍ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፣ እሱ ግን እስካሁን እዚያው ነው። ኤንትሬው ውስጥ፣ ሁለቱንም እግሩን መቀመጫው ላይ ሰቅሎ፣ ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ ብሏል። እማ ምግብ ወሰደችለት፣ አልከፈተላትም። አባባ ለመነው፣ አልወረደም። በመስታወቱ መሬቱን ብቻ ያያል። እኔ ዞሬ ዞሬ አየሁ፣ በመኪናው ዙሪያ አንድም ዱካ የለም።

በረባሶው ጭኔ ላይ ነው። ሁለቱም። ቀኙ ይሞቃል... አሁን ሰው ያወለቀው ይመስል።

መዝገቡ የሚታየው ከነገ ወዲያ ነው። ጋሽ ኃይለመስቀል "አዲስ ነገር ከሌለ በቃ፣ ይዘጋል" ብለዋል። ነገ ይዤው ብሄድ ጉያቱ ትቆማለች። ረዲ ይታሰራል፣ ሱቃችን ይዘጋል፣ እማ ዳግመኛ ልጄ አትለኝም። ተናግራለች። ባቃጥለው ደግሞ... እማ እሳቱን አያይዛ ጨርሳለች። እዚህ ሆኜ ጭሱ ይሸተኛል።

ደግሞ ያ እግር የሚቃጠል ይመስላችኋል?

ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ አጠገቤ መጥታችሁ ጆሮዬ ላይ ንገሩኝ። እኔ በባዶ እግሬ ነው የምመጣው።

የሚታሰረው የምትወዱት ሰው ቢሆን... የምትቆመው ደግሞ ጓደኛችሁ ብትሆን...

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?